የመጨረሻው አግዳሚ ዝም ያለበት ስንኝ

ሰው የሥራ ዘመኑን ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ ሲወጣ ነው። እኔ ገና ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጡረታ የሚያወጣኝ መሥሪያ ቤትም ኖሮኝ አያውቅም። ቢሆንም አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁትን ሥራ ትቼዋለሁና ስለ እሱ ሳወራ እንደ ጡረተኛ ነው የምሆነው። ለጸሎት ቤት መዝሙር እጽፍ ነበር። አሁን ቂሊንጦ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋለሁ። እንድጽፍ ያደረገችኝ በሰርቪስ ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ ናት። የጠየቀችኝን ወደ መጨረሻው እደርስበታለሁ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ። እናቴ ስታርፍ አቃቂ አክስቴ ዘንድ መጣሁ። አክስቴ የጸሎት ቤት ጽዳት ነበረች። ወገቧን ሲያማት አብሬያት መሄድ ጀመርኩ፤ ጭራሽ መታጠፍ ሲያቅታት ደግሞ ሥራው ለእኔ ቀረ። ጸሎት ቤታችን ያኔ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። ዝናብ ሲጥል ስብከቱም ዝማሬውም አይሰማም፤ ሰው እጁን አጣጥፎ እስኪያባራ ይጠብቃል። ደመወዙ ለሳሙናና ለታክሲ ያህል ነበር፤ የአዳራሹ ቁልፍ ግን እኔ ጋ ነበር። ሰው ፊት መናገር ለሚያስፈራው ሰው ባዶ አዳራሽ ትልቅ ሀብት ነው። ብቻዬን እየወለወልኩ አንጎራጉር ነበር።

ጋሽ ደበላ የኳየሩ አሠልጣኝ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግኑ ነው፤ የትኛው ማሽን እንደታመመ በር ላይ ቆመው ከድምፁ ይለያሉ ይባልላቸው ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ኪቦርዱን ሊያዩ መጥተው በር ላይ ቆመው ሰሙኝ።

«ይሄ የማን መዝሙር ነው?» አሉኝ።

መወልወያውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። «የማንም አይደለም ጋሼ።»

«የማንም ያልሆነ መዝሙር የለም። ከየት ሰማሽው?»

«አልሰማሁትም። ወለሉ ረጅም ስለሆነ ነው።»

ሳቁብኝ። ቆይተው ግን ነገሩን እኔው ራሴ እንዳየው አደረጉኝ። መወልወያው ወደ ፊት ሲሄድ ስድስት ድምፅ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ስድስት ድምፅ፤ ሳላውቀው ቤት እየመታሁ ነበር። «ትምህርት ቤት አስተማሩሽ?» ሲሉኝ «አይ፣ ከስድስተኛ ነው የቀረሁት» አልኳቸው። «ጥሩ፣ የሚያስረሳሽ ነገር የለም ማለት ነው» አሉና የኳየሩን አሮጌ ደብተር ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ ማክሰኞ ያስተምሩኝ ነበር። ብዙ አይናገሩም። አንድ ስንኝ ይዤ ስመጣ አሥር ጊዜ ያስዘምሩኝና «ትንፋሽ የት ልውሰድ?» ይላሉ። ቦታውን ካላገኘሁ፣ «ሰው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ካልሰጠሽው ከቃልሽ ላይ ቆርሶ ይወስዳል» ይላሉ። ከፍ የሚለውን ዜማ የመጀመሪያው ስንኝ ላይ እንዳደርግ አይፈቅዱም፤ እሁድ ጠዋት ከቤቱ የመጣ ሰው ጉሮሮው ገና አልነቃም። ከባድ ቃል በአንድ መዝሙር አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው። «ሁለት ድንጋይ ካሸከምሽው አንዱን ይጥለዋል፤ የትኛውን እንደሚጥል ደግሞ አንቺ አትመርጪም።» ከሁሉ በላይ ግን ወረቀት ይጠላሉ። በወረቀት ታድሎ የሚጠና መዝሙር ለእሳቸው መዝሙር አይደለም። መሪው አንድ ስንኝ ይላል፣ ጉባኤው ይቀበለዋል፤ ሁለት ጊዜ ተብሎ ካልያዘው መዝሙሩ ወደ ደብተር ተመልሶ ይተኛል።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከሌላ ሰው አይቼው አላውቅም። አዲስ መዝሙር በሚዘመርበት እሁድ ኳየሩን ለምክትላቸው ይተዉና የመጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከደብተር ጠርዝ ላይ ቀጭን ወረቀት ይቀድዱና እንደ መሰላል ያጣጥፉታል፤ አንድ እጥፋት ለአንድ ስንኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። የጉባኤው ድምፅ በወረደበት ስንኝ ላይ የእጥፋቱን ጫፍ በጥፍራቸው ቀደድ ያደርጋሉ። ጉባኤው ሲበተን ወረቀቷን መዳፌ ላይ ያስቀምጡልኝና ይሄዳሉ። ማብራሪያ የለም። እዚህ፣ እዚህና እዚህ ሰው ዝም ብሏል፤ ጥፋቱ የሰው አይደለም፣ የመዝሙሩ ነው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ እየወለወልኩ እነዚያን ስንኞች እሠራለሁ።

«ለምን ከኋላ ነው የሚቀመጡት?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ከፊት ያለው ሰው ባይገባውም ይዘምራል፤ ይታያላ። ከኋላ ያለው ግን ማን ያየዋል? ካልገባው ዝም ይላል። የምትጽፊው ለእሱ ነው።»

ከኋላ ካሉት ሁሉ የሚበልጥ ጆሮ የእትዬ ብርቄ ነበር። እትዬ ብርቄ ሳሪስ አቦ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ይሸጡ ነበር። ማንበብ አይችሉም። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ከመጨረሻው አግዳሚ ተነሥቶ ከኳየሩ ማይክ ጋር ይገፋፋል። አንድ መዝሙር በሁለተኛው ከያዙት ጋሽ ደበላ ወረቀቱን ኪሳቸው ይከቱታል፤ ፈተናው አልቋል። እኔም እዚያው ከእትዬ ብርቄ ጎን መቀመጥ ለመድኩ። ደራሲዋ እኔ መሆኔን ከሚያውቁት ጥቂት ሰዎች አንዷ ነበሩ። ደስ ካላላቸው አይሸፋፍኑም።

«ጽጌ፣ የዛሬው መዝሙርሽ እንደ ድንች ነው» አሉኝ አንድ ቀን።

«እንዴት እትዬ?»

«ሲያዩት ትልቅ ነው፤ ሲላጥ ያንሳል።»

ደስ ሲላቸው ደግሞ ጉልበቴን ቸብ ያደርጉኛል፤ ሌላ ቃል የለም። ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከጸሎት ቤት ወጥቼ ከማንም ጋር ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። ሰዎች ሲሰባሰቡ እኔ ወንበር አነሣለሁ። ግን ሦስት መቶ ሰው ማክሰኞ ዕለት በባልዲ አጠገብ ያሰብኩትን ነገር እሁድ አፉን ሞልቶ ሲለው እሰማ ነበርና ብቸኛ መሆኔን አላውቅም ነበር። ያወቅሁት ኋላ ነው።

ቆርቆሮው ፈርሶ እዚያው ወለል ላይ የብሎኬት አዳራሽ ሲሠራ የጋሽ ደበላ ጆሮ መድከም ጀመረ። ኳየሩን ናሆም ተረከበው። ናሆም ወጣት ነው፣ ሙዚቃ ተምሯል፣ ሰው አክባሪ ነው፤ በክፉ አላነሣውም። ከጽዳት አስነሥቶ «የመዝሙር ክፍል» የሚል ወረቀት አጻፈልኝ፤ ደመወዜም ትንሽ ከፍ አለች። ሥራዬ ሁለት ሆነ። አንደኛው መጻፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መዝሙሩን ማዳረስ፦ በስልክ ቀድቼ በቴሌግራም ለሌሎች ጸሎት ቤቶች መላክ፣ በፍላሽ ይዤ ከአቃቂ እስከ ኮዬ ፈጬ መሄድ፣ ለኳየሮቻቸው ማስጠናት።

ማስጠናቱ ጭንቅ ነበር። ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ስንኙን በቀስታ እላለሁ፤ እነሱ ይቀበላሉ። ሁሉም ቦታ የሚያዩኝ እንደ ተላላኪ ነው። አንድ ቦታ የኳየሩ ሰብሳቢ ጥናቱን ስንጨርስ፣ «ደራሲዋ ራሷ ለምን አልመጣችም?» አለችኝ።

«አልተመቻትም» አልኳት።

«ትልልቅ ሰዎች እንዲህ ናቸው» አለች። እኔም «እውነትሽን ነው» ብዬ ታክሲ ያዝኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

እትዬ ብርቄ አንድ ክረምት ታመሙ። ልብሽ ሰፍቷል አሏቸው ሐኪሞቹ። እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ጋደም ብለው መተኛት አቃታቸው። ጉባኤው ጸለየላቸው፣ መድኃኒትም ጀመሩ። መስቀል አልፎ አንድ እሁድ በእግራቸው መጡ። ምስክርነት እንዲሰጡ ወደ ፊት ሲጠሩ ማይኩን አልያዙም፤ ድምፃቸው አያስፈልገውም። «አልጋ ላይ ነበርኩ፣ ትንፋሼ አጥሮ ነበር። እጄን ይዞ አነሣኝ። ዛሬ ቆሜያለሁ። የነገን እሱ ያውቃል፤ እጁ ላይ ነኝ» አሉና ተመልሰው አግዳሚያቸው ላይ ቁጭ አሉ።

እኔ ያንን ንግግር ይዤ ሄድኩ። በሁለት ቀን መዝሙር ሆነ። ለናሆም ሳሰማው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስንኞች ወደዳቸው። አራተኛው ላይ ራሱን ነቀነቀ።

«"የነገን ታውቃለህ" የሚለው ያቀዘቅዘዋል ጽጌ። ሰው ሊነሣ ሲል ታስቀምጪዋለሽ። እዚህ ጋ ጉልበት ስጪኝ። ድል የሚል ነገር።»

ለአሥራ አምስት ደቂቃ እንኳ አላሰብኩበትም። እጅ ሥራ ሲለምድ ክፋቱ ይሄ ነው። እንዲህ ሆነ፦

እግሬ ዝሎ ሳለ፣ ትንፋሼ ሲያጥረኝ፣
እጄን ይዘህ ጌታ፣ ከአልጋ አነሣኸኝ፤
ዛሬ በቤትህ ነኝ፣ ቆሜ እዘምራለሁ፣
ሕመም እንዳይመለስ፣ ድል ነሥቼዋለሁ።

የተዘመረ ዕለት አዳራሹ ተነሣ። በሁለተኛው አልያዙትም፣ በመጀመሪያው ያዙት። እኔ እንደ ልማዴ ከእትዬ ብርቄ ጎን ነበርኩ። ሦስቱን ስንኞች በዚያ በወፍራም ድምፃቸው አሉና አራተኛው ላይ ዝም አሉ። ሲደገምም ዝም አሉ። ሰማሁ። ከታመሙ ገና መነሣታቸው ነው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ይሆናል ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

ጋሽ ደበላም ያን ቀን መጥተው ነበር። ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር በዚያ ሁሉ ሰው ጩኸት መሐል ምን እንደሰሙ አላውቅም። ሲወጡ ወረቀቷን መዳፌ ላይ አስቀመጡ። አራተኛው እጥፋት ላይ አንድ ቀዳዳ ነበረች።

«ሰው ሁሉ እኮ ዘምሯል ጋሼ» አልኳቸው።

«ብርቄ ዝም ብላለች።»

«ደክሟቸው ነው።»

«ብርቄ ደክሟት ዝም ብላ አታውቅም» አሉና ሄዱ።

ወረቀቷን ደብተሬ ውስጥ ከተትኳት። ስንኙን አልነካሁትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ለአንዲት ቀዳዳ ሳምንት ስሠራ ኖሬ፣ ያን ጊዜ አልነካሁትም፤ መዝሙሩ ተወዶ ነበራ።

ናሆም በቪዲዮ አስቀረጸው። በየጸሎት ቤቱ ያዳረስኩት ግን እኔ ነኝ፤ በእግሬ ሄጄ፣ ጥግ ጥግ ተቀምጬ አስጠናሁት። የጽሕፈት ቤት ሰው የስልኩ መጥሪያ አደረገው። በእኛ ጸሎት ቤት ደግሞ በተዘመረ ቁጥር ናሆም «ባለቤቷ መሐላችን ናት» እያለ እትዬ ብርቄን ወደ ፊት ያወጣቸዋል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይቆማሉ። እኔ ከኋላ፣ ባዶ የቀረው ቦታቸው ጎን ሆኜ ደስ ይለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ከፋሲካ በኋላ እትዬ ብርቄ መምጣት ተዉ። አንድ እሁድ፣ ሁለት እሁድ። አራተኛው ላይ ሳሪስ አቦ ገበያ ሄድኩ። ቦታቸው ላይ ሌላ ሴት ሽንኩርት ዘርግታለች። «ኮዬ ልጇ ጋ ገብታለች፤ እዚያ ያለ ጸሎት ቤት ቀርቧታል መሰለኝ» አለችኝ። ጉባኤውም ያመነው እንዲሁ ነበር። የኮንዶሚኒየሙን ብሎክ ቁጥር ከእሷ ተቀብዬ ሄድኩ።

ምድር ቤት ነው። ልጃቸው በሩን ከፍታልኝ ወደ ጓዳ ገባች። እትዬ ብርቄ መስኮቱ ሥር፣ ሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቀጥነዋል፤ እግራቸው ላይ ጋቢ ጣል ተደርጓል።

«ማን ላከሽ?» አሉኝ።

«ማንም። ከአግዳሚው ጠፉብኝ።»

ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። ቁርጭምጭሚታቸው አይታይም፤ እግራቸው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። መልሰው ሸፈኑት።

«ለምን አልተናገሩም?» አልኩ። «ቢያውቁ እኮ ይመጡ ነበር።»

«ምን ብዬ ልናገር? በየእሁዱ ድል ነሥታለች እያሉ እጄን ይዘው እያወጡኝ፣ እኔ ተመለሰብኝ ልበል? መዝሙሩን ውሸታም ላድርገው?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኪኒኔን እንኳ ተደብቄ ነው የምውጠው። ልጄ እምነትሽ የት ሄደ እንዳትለኝ።»

 «ያቺን ስንኝ እርስዎ አላሏትም» አልኩ።

«አላልኩም። ግን ተዘመረ። ከተዘመረ በኋላ አለማለቴን ማን ያስታውሳል?»

«እርስዎ ግን እዚያ ላይ ዝም ይሉ ነበር።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ሰምተሽኛል» አሉ። አልተቆጡም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ወዲያው ከጓዳ የልጃቸው ስልክ ጠራ፤ መጥሪያው ያ መዝሙር ነበር። «እግሬ ዝሎ ሳለ» ብሎ ጀመረ። ሁለታችንም እስኪነሣ ጠበቅን።

ከኮዬ የተመለስኩት በቀጥታ ጋሽ ደበላ ቤት ነው፤ ወረቀቷን ይዤ። ያን ጊዜ ጆሯቸው ጨርሶ ከብዶ ነበር። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ጥፋቴን የነገርኳቸው እየጮህኩ ነው። አጥር ለአጥር የሚኖሩት ጎረቤቶች ሁሉ ሰምተዋል። ጋሽ ደበላ ቀዳዳዋን በጣታቸው ዳሰሷት።

«ሰጥቼሽ ነበር» አሉ።

«ሰጥተውኛል!»

«እና?»

«ምን ላድርግ?»

«የተበላሸው ሰው ፊት ነው፤ የሚጠገነውም እዚያው ነው።»

«ማን ይጠግነዋል?»

«ማን ጻፈው?» አሉና ወረቀቷን መልሰው መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

ናሆምን ለማናገር አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ነገሩን ሲሰማ ደነገጠ፤ እትዬ ብርቄን ይወዳቸዋል። «እንሄዳለን፣ እንጠይቃቸዋለን» አለ። ስንኙን እንለውጥ ስለው ግን ፊቱ ተቀየረ።

«ጽጌ፣ መዝሙሩ የእኛ ብቻ አይደለም አሁን። ስንት ቦታ ይዘመራል። ስንቱ ተበርትቶበታል። ተሳስተን ነበር ብለን ለማን ለማን እንነግራለን?»

«ለእኛ ጉባኤ ብቻ።»

«እኔ ይሄን ቆሜ ማለት አልችልም። ማስተማር ካለብሽ አንቺው ቆመሽ አስተምሪ» አለኝ። እንደማልችል ያውቃል። ለክፋት አይመስለኝም፤ በቀስታ እምቢ ማለቱ ነበር።

«እሺ» አልኩት።

ለእትዬ ብርቄ በልጃቸው በኩል መልእክት ላክሁላቸው። በመጪው እሁድ እንዲመጡ፣ ወደ ፊት እንደማይጠሩ፣ ቦታቸውን እንደምጠብቅላቸው። መልስ አልላኩም። እሁድ ጠዋት ነጠላዬን አግዳሚው ላይ ዘርግቼ ቦታ ያዝኩ። ጸሎቱ ሲያልቅ የልጃቸውን ክንድ ተደግፈው ገቡ። ከበሩ እስከ አግዳሚው ሦስት ጊዜ ቆሙ። ሰው ዞር ዞር እያለ አያቸው፤ እግራቸውንም አየው።

ናሆም «እኅታችን የምትለው አላት» ብሎ ማይኩን ሰጠኝ። ከኋላ ወደ ፊት ያለውን ወለል ለዓመታት ወልውዬዋለሁ፤ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ቀን አላለቀልኝም። ስቆም ማይኩ ውስጥ የሚሰማው ትንፋሼ ነበር። አንድ ሰው «አይዞሽ» አለ፤ ባሰብኝ።

«ይሄን መዝሙር የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ። «የእትዬ ብርቄ ቃል ነው። የመጨረሻው ስንኝ ግን የእሳቸው አይደለም። እሳቸው አላሉትም፤ እኔ ነኝ የጨመርኩት። እሳቸው ያሉት እንዲህ ነው።» ከዚያ ጋሽ ደበላ እንዳስተማሩኝ ስንኙን ሰጠሁ፦

የነገን ታውቃለህ፣ በእጅህ ላይ አለሁ።

ጥቂቶች ተቀበሉኝ። አንዴ ደግሜ ሰጠኋቸው። ኪቦርዱ ጀመረና ከመጀመሪያው ተዘመረ። አራተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ አዳራሹ በሙሉ፣ በለመደው ጉልበት፣ ድል ነሥቼዋለሁ አለ። ኳየሩም እንዲሁ። እኔ ማይኩን ከአፌ አርቄ አዲሱን አልኩ፤ ለራሴም አልተሰማኝም። ሲደገም ግን ከወደ በሩ፣ ከሁሉ ሥር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። እየተቆረጠ ነው የሚወጣው፤ ትንፋሽ የለውም። የነገን ታውቃለህ ብሎ ቆመ፣ አየር ሳበ፣ በእጅህ ላይ አለሁ አለ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያንን ስንኝ ያልነው ሁለት ነበርን፤ እሳቸው በወዲያ ጫፍ፣ እኔ በወዲህ።

ተመልሼ ጎናቸው ስቀመጥ ጉልበቴን ቸብ አደረጉኝ። «ሲላጥም አላነሰም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሴቶች በተራ ኮዬ እየሄዱ ጠየቋቸው፣ አጠቧቸው፤ ኪኒናቸውንም በግልጽ ዋጡ። ለእኔ ይሄ በቂ ነበር፤ ግን ሌላም ነገር ነበረ። አንዳንድ ሰዎች ሰላምታቸውን አሳጠሩብኝ። ምንም አላሉኝም። በሕመማቸው ያንን ስንኝ ይዘው የተኙ ሰዎች ነበሩ፤ ከእጃቸው የነጠቅኋቸው መስሏቸዋል። እውነት አላቸው እላለሁ አንዳንዴ። መጀመሪያውኑ መስጠት አልነበረብኝም።

እትዬ ብርቄ በነሐሴ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ኳየሩ ያን መዝሙር አልያዘም፤ እንዴት ይይዘዋል? ናሆም ሌላ አስጀመረ። እኛ ጃንጥላ ለጃንጥላ ተጠጋግተን ስንቆም ከኋላ ያሉት አሮጊቶች፣ ኮዬ ሲመላለሱ የነበሩት፣ ያለ ኪቦርድ «እግሬ ዝሎ ሳለ» ብለው ጀመሩ። አራተኛው ላይ እትዬ ብርቄ ያሉትን አሉ። እሳቸው ዘንድ ሲሄዱ ከአፋቸው ለምደውታል። ናሆም ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ራሱም ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ መጻፍ አቃተኝ። ቃል አላጣሁም። ስንኝ ይመጣል፣ ቤት ይመታል። ነገር ግን አንዱን ጽፌ ስጨርስ ጆሮዬ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ያንን አግዳሚ ይሰማል። እዚያ ማንም የለም። የምጽፈው ለማን እንደሆነ ጠፋብኝ። አንድ ዓመት ያህል የድሮውን እያዳረስኩ ቆየሁ። በኋላ ናሆም በስልክ ብቻ የሚሠራ፣ ዜማውንም ግጥሙንም የሚያቀናብር ወጣት አገኘ፤ እኔም ደብተሮቼን፣ ፍላሹንና ቁልፉን አስረከብኩ። ወረቀቶቹን ግን አልሰጠሁም። ጋሽ ደበላን አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እጠይቃለሁ። ጆሯቸው ምንም አይሰማም። በጣታቸው አየር ላይ የመጻፍ ምልክት አድርገው ያዩኛል፤ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ እሳቸውም ይተዋሉ።

ፋብሪካው ደህና ነው። ኮሌታ መስፋትም ቤት እንደ መምታት ነው፤ ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሆኑ ሸሚዙ ሁሉ ይጣመማል። እዚያም ሰው አያውቀኝም። ሰርቪሱ ላይ ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት መዝሙር ይከፍታል፤ ያ መዝሙርም ይመጣል፣ በቪዲዮ እንደተቀረጸው፣ ከነድሉ። ሴቶቹ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆነው ያንጎራጉራሉ። እኔም አብሬ አንጎራጉራለሁ፤ አራተኛው ስንኝ ላይ ዝም እላለሁ።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ አንድ ቀን ራሷን ከመስኮቱ ላይ አነሣች።

«እዚህ ጋ ሁልጊዜ ዝም ትያለሽ» አለችኝ። «አታውቂውም እንዴ?»

ከእትዬ ብርቄ ወዲህ ማንም ከጎኔ ተቀምጦ ሰምቶኝ አያውቅም።

«አውቀዋለሁ» አልኳት።

«ታዲያ?»

ሰርቪሱ ፋብሪካው በር ላይ ደርሶ ስለነበር ያን ቀን ስንኙን ብቻ፣ የእትዬ ብርቄን፣ በጆሮዋ ነገርኳት። ለምን የሚለውን ደግሞ ይኸው ጽፌዋለሁ። በማግስቱ ሾፌሩ መዝሙሩን ከፈተው። ሴቶቹ ያንጎራጉሩ ጀመር፤ እሷም፣ እኔም። አራተኛው ስንኝ ሲደርስ ከጎኔ ያለው ድምፅም ዝም አለ።